የአወዳደቅ ትምህርት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞርካም ላይ ዝናብ ይጥላል፤
እኔን መጣል ያቃተው ጎረምሳ ስንት ነበር፣ ዝናብ ግን ይችላል።
ጉልበቴን በላስቲክ ጠፍሬ፣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣
ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ እወርዳለሁ፣ የደረጃው ብረት ላይ ተንጠልጥዬ።

ዊልፍ ኦርመሮድ እባላለሁ፤ ሰባ ስድስት ደፍኛለሁ።
በዚህ ስም የሚያውቀኝ ፖስተኛው ነው።
ድሮ ግን፣ በገመዶቹ መሐል፣ መብራቱ ሲወርድብኝ፣
«ኪራይ ሰብሳቢው» ነበርኩ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር የሚጠላኝ።

ጥቁር ባርኔጣ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ብብቴ ሥር የውዝፍ መዝገብ፤
ትግሉ ሳይጀመር፣ ለፊት ወንበር ሴቶች ዕዳቸውን ሳነብ፣
«ወይዘሮ እንትና የሦስት ሳምንት! እነ እገሊት የስድስት!»
ብርቱካን ይዘንብብኛል፣ ጃንጥላ፣
አንዴም የግራ እግር ጫማ፤ ወርዋሪዋ በአንድ እግሯ ገባች ቤት።

ጠቡ የውሸት ነበር፤ ማን እንደሚወድቅ ሻይ ላይ ነው የተማከርነው።
ከቅንድቤ ጠብ ያለው ግን፣ እሱ የኔው ነው።

ሃያ አራት ዓመት ወደቅኩ። በጀርባ፣ በጎን፣ በትከሻ።
ሰው ትኬት የሚቆርጠው ክፉ ሲወድቅ ሊያይ ነው፤
እኔም ወደቅኩለት፣ እስከ መጨረሻ።

ኋላ ቴሌቪዥኑ ረሳን። አዳራሹ የምንጣፍ መደብር ሆነ።
እዚያው ተቀጠርኩ፣ ጥቅል ተሸካሚ።
የወደቅኩበትን ወለል በሜትር ለካሁት፣
ማንም «ውረድ!» ሳይለኝ፣ ማንም ሳይረግመኝ።
ከጀርባዬ ይልቅ ጸጥታው አመመኝ።

ማቪስ ከሞተች ወዲያ ምሳዬም ራቴም
በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣና ድንች ጥብስ።
ዶክተር ራንድሃዋ፣ ልጄ የምትሆን፣ ወንበር ሳበችና
«እጅዎን ሳያስደግፉ ይነሱ፣ አሥር ጊዜ» አለችኝ።
አራት።
መቶ ሠላሳ ኪሎ ጎረምሳ ከአናቴ በላይ ያነሳሁ ሰውዬ
ራሴን ከወንበር ማንሳት አቃተኝ።

ውሃ ገባሁ። ውሃ ልበ ሰፊ ተጋጣሚ ነው፤
ይይዝሃል እንጂ አይጥልህም።
በዙሪያዬ ሰባት አሮጊቶች፣ የራሳቸው ላስቲክ ቀለም በቀለም፣
ወደብ ላይ እንደሚንሳፈፍ ኳስ ብቅ ጥልቅ ይላሉ።
አንዷ፣ ባለ ቢጫዋ፣ ትክ ብላ አየችኝ። ዶሪን ክሌግ፣ ሰማንያ ሦስት።
«አንተ! ኪራይ ሰብሳቢው!»
ጭኔን ገልጬ አሳየኋት፤ የባርኔጣ መርፌዋ ጠባሳ፣ ምስር የምታህል።
አልሳቀችም።
«ያን ሳምንት እውነተኛው ሰውዬ በሬ ላይ ቆሞ ነበር» አለች፣
«እሱን አይወጉትም።»

በበረዶው ሰሞን ኢኒድ ወጥ ቤቷ ውስጥ ወደቀች፤ ዳሌዋ እንደ ብስኩት።
ከዋና በኋላ ሰማያዊ ፍራሽ አነጠፍኩ።
በዚህ ዓለም አጥርቼ የማውቀው አንድ ሙያ ነው፦ መውደቅ።
አገጭ ወደ ደረት። እጅሽን ለመሬት አትስጪው፣ ይሰብረዋል።
ትንፋሽሽን ልቀቂ። ክብ ሁኚ።
መሬት አልጠራሽም፤ አትኮሳተሪበት።
ከዚያ በጎን ተንከባለይ፣ ተንበርከኪ፣ ተነሺ።
«ስንት ጊዜ?» ትላለች ግላዲስ።
እስኪሰለችሽ።

እኔም ከወንበሬ ዘጠኝ ደርሻለሁ።
አሥረኛዋን ለፋሲካ ቀጥሬያታለሁ።

ዛሬ ዶሪን እጇን ወገቧ ላይ ጭና መጣች።
«አሁን አንተ ውደቅ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ እየተሳደብክ።»
ውዝፋቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ፣ የሰባቱንም፣
ከዚያ ወደቅኩ። የመዋኛው ጣሪያ አስተጋባ።
ባዶ እግሯን፣ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ደረቴ ላይ አሳረፈች።
አምስቱ ፍራሹን በመዳፋቸው፣ ኢኒድ ወለሉን በምርኩዟ
እየመቱ መቁጠር ጀመሩ።
አንድ።
ሁለት ላይ ትከሻዬን ማንሳት እችል ነበር፣ በደንብ።
ግን ውዝፍ አለብኝ።